ይቀረጽ ወይስ ይጻፍ? ስለ ቪዲዮና ስለ ጽሑፍ ጦማር ከሐረር የተሰጠ ማብራሪያ

ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ በሚዘልቀው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናዎቻቸውን በግራና በቀኝ ደርድረው ይሠራሉ። ቦታው «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙም የመጣው ከመኪናዎቹ ድምፅ ነው። ይህንን መንገድ ለማያውቀው ሰው ማስተዋወቅ የሚፈልግ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ስልኩን ደረቱ ላይ አስጠግቶ እየተራመደ መቅረጽ ነው፤ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የፔዳሉ ምት፣ የተንጠለጠለው ጨርቅ ቀለም፣ ክሩን በጥርሱ የሚበጥሰው ሰፊ፣ ቆማ የምትለካው ደንበኛ ሁሉም ይገባሉ። ሁለተኛው መጻፍ ነው። የሚጽፈው ሰው ድምፁን ማሰማት አይችልም፤ ነገር ግን የከተማው ሰው አስቀድሞ ሥራውን አቅልሎለታል፤ «ግርግር» የሚለው ቃል ራሱ መኪናውን ያሰማል።

በሐረርና በድሬዳዋ ስለ ከተማቸው አንድ ነገር ማቅረብ የሚፈልጉ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «ቪዲዮ ልጀምር ወይስ ልጻፍ?» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው ቪዲዮ የዘመኑ፣ ጽሑፍ ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ተደርጎ ነው። እኔ ግን ልዩነቱ በአዲስነትና በአሮጌነት ላይ ያለ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ጊዜው በማን እጅ ነው የሚለው ነው። በጽሑፍ ጊዜውን የሚያዝዝበት አንባቢው ነው፤ ሲፈልግ ይዘልላል፣ ሲከብደው ይመለሳል፣ የሚፈልገውን አንድ ቁጥር ለቅሞ ይሄዳል። በቪዲዮ ግን ጊዜውን የያዘው ቀራጩ ነው፤ ተመልካቹ ወደፊት ማሳለፍ ቢችልም የሚዘልለው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሎቹ ጥቂት እንበል። «ዌብሎግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈጥሮ በ1999 «ብሎግ» ተብሎ ያጠረ ሲሆን፣ አንድ ሰው በራሱ ስም፣ ቀን እያስቀመጠ፣ አዲሱን ከላይ እያስቀደመ የሚያወጣውን ተከታታይ ጽሑፍ ያመለክታል። አማርኛ ለዚህ «ጦማር» የሚለውን ቃል ከግእዝ አምጥቶ ጸሐፊውን «ጦማሪ»፣ ሥራውን «ጡመራ» ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የዞን ዘጠኝ ጦማርና የጸሐፊዎቹ እስር ወሬ ቃሉን ከጥቂት ተጠቃሚዎች አፍ አውጥቶ ለብዙ ሰው አድርሶታል። ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ወይም የተጻፈ ክርታስ ማለት ስለሆነ «የቪዲዮ ጦማር» የሚለው አነጋገር በጥብቅ ከተመለከቱት ትንሽ የሚያስቅ ነው፤ ቢሆንም ሰዉ የሚግባባበት ስለሆነ እዚህም እጠቀምበታለሁ። «ቭሎግ» የሚሉትም አሉ። የቪዲዮው ታሪክ አጭር ነው፤ ዩቲዩብ ላይ የተጫነው የመጀመሪያው ቪዲዮ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 አንድ ወጣት በሳን ዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ የተናገረበት የ19 ሰከንድ ፊልም ነበር።

የጊዜውን ነገር በአንድ ምሳሌ በቅርብ እንመልከተው። ቁጢ በሐረርና በአካባቢው ከቡና ቅጠል የሚዘጋጅ ትኩስ መጠጥ ነው፤ የደረቀው ቅጠል በምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ይደቅቃል፣ በውኃ ይፈላል፣ እንደየቤቱ ልማድም ወተትና ጨው ወይም ስኳር ይገባበታል። ይህንን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው የአሠራሩን ቅደም ተከተል በጥቂት ሰከንዶች ዐውቆታል፤ ነገር ግን ይህንን ብቻ ይዞ ምጣድ ቢጥድ ቅጠሉን ማሳረሩ አይቀርም። ምክንያቱም «ይታመሳል» የሚለው ግስ መቼ እንደሚበቃ አይናገርም። አንድ በሥራው ያደገች ሴት ስታምስ የተቀረጸ እንደሆነ ግን እጇ ሳያቋርጥ የሚያገላብጥበት ፍጥነት፣ የእሳቱ ልክ፣ ቅጠሉ መንኮሻኮሽ የሚጀምርበት ቅጽበት፣ ቀለሙ የሚጠቁርበትና ከምጣዱ የሚወርድበት ደረጃ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታያል። እነዚህን ሁሉ በጽሑፍ ለማስተላለፍ ሁለት ገጽ ብንጽፍ እንኳ አንባቢው የመጀመሪያውን ምጣድ ማበላሸቱ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ያው ሰው በማግስቱ ወጥ ቤት ገብቶ «ለአንድ ጀበና ውኃ ስንት እፍኝ ቅጠል ነበር ያለችው?» ብሎ ቢያስብ ቪዲዮው ጠላት ይሆንበታል። ስልኩን በእርጥብ እጁ ከፍቶ፣ ሰላምታውን አሳልፎ፣ ወደኋላ መልሶ፣ አልፎት፣ እንደገና መልሶ ይፈልጋል። በጽሑፍ ቢሆን ኖሮ አንድ መስመር ነበር። ከዚህ የምንረዳው እጅ የሚሠራውን ነገር ቪዲዮ፣ መጠኑንና ምክንያቱን ደግሞ ጽሑፍ በተሻለ ሁኔታ እንደሚይዝ ነው። የሐረር የሣር ስፌት አሰፋፍ፣ የመጽሐፍ አጠራረዝ፣ የቡና አፈላል ቢቀረጹ ይሻላል። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ፣ የአንድ መሬት ጉዳይ፣ የባቡሩ ታሪክ፣ የዋጋ ንጽጽር ግን በቪዲዮ ሲቀርቡ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው አንድ ሰው ካሜራ ፊት ተቀምጦ የጻፈውን ሲያነብልን ነው፤ ያንን ራሳችን ብናነበው በሲሶው ጊዜ እንጨርሰው ነበር።

ቪዲዮ ሌላም ድክመት አለበት፤ ያሳያል እንጂ አይሰይምም። ወደ አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ወደ ጌ ጋር፣ ካሜራ ይዞ የገባ ሰው ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩትን መደቦች፣ ግድግዳውን የሞላውን ስፌትና ሳሕን፣ ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ምንጣፍ ያሳየናል። ዓይን ይጠግባል። ነገር ግን ያ የተጠቀለለ ምንጣፍ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን የሚያመለክት መሆኑ እንደሚነገር፣ መደቦቹም ማን የት እንደሚቀመጥ የሚለዩ መሆናቸውን የሚነግረን ከሌለ ያየነው የቤት ዕቃ ብቻ ነው። በጅብ ምገባውም እንዲሁ ነው። የጅብ ምገባ ቪዲዮ ከሚገባው በላይ ብዙ ነው፤ ሁሉም ጨለማ፣ የመኪና መብራት፣ በእንጨት ጫፍ የተንጠለጠለ ሥጋና የሚጮኽ ጎብኚ ነው። በዐሹራ ቀን ለጅቦቹ ገንፎ የሚቀርብበትን ልማድና ገንፎውን መብላታቸው ወይም መተዋቸው ለመጪው ዓመት ምልክት ተደርጎ መወሰዱን ለማወቅ ግን የግድ የሚናገር ወይም የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ወደ ወጪው ስንመጣ ልዩነቱ በግምት ሳይሆን በስሌት ሊታይ የሚችል ነው። አንድ የግእዝ ፊደል ዛሬ በተለመደው የኮምፒዩተር አመዘጋገብ 3 ባይት ይይዛል። አንድ 2000 ቃል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ፣ ክፍተቱና ሥርዓተ ነጥቡ ተጨምሮ፣ ከ35 ኪሎባይት እምብዛም አይበልጥም። በመካከለኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ ደግሞ በደቂቃ 7 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ የሚበላው ዳታ እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ወደ 2000 የሚጠጉ ሊያስነብብ ይችላል። እርግጥ ነው፣ ድረ ገጽ ሲከፈት ፎቶግራፉና ማስታወቂያው አብሮ ስለሚወርድ ስሌቱ በተግባር ይህን ያህል አይሰፋም፤ ነገር ግን በሳምንት ፓኬጅ ለሚጠቀም ተማሪ ልዩነቱ የኪስ ጉዳይ ነው። በአዘጋጁ በኩልም ቢሆን ስልክ በከፍተኛ ጥራት ሲቀርጽ በደቂቃ ከ60 እስከ 130 ሜጋባይት ስለሚመዘግብ የግማሽ ቀን ቀረጻ ሚሞሪውን ይጨርሰዋል። ለድሬዳዋ ልጆች አንድ ተጨማሪ ችግር አለ፤ ብዙ ስልኮች እንዲሠሩ የታሰበው እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ስለሆነ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ከዚራ ወይም ቀፊራ ቆሞ የሚቀርጽ ሰው ካሜራው በመሐል «ሞቆኛል» ብሎ ሲዘጋበት ያያል። እስክሪብቶ ይህ ችግር የለበትም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ አማርኛ ተናጋሪው ወደ ቪዲዮ ያዘነበለበት በቂ ምክንያት አለው፤ ስንፍና ብሎ ማለፍ ተገቢ አይመስለኝም። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መመዝገቢያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለበርካታ ዓመታት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የየራሱን ቁጥር ይጠቀም ስለነበር በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። የእንግሊዝኛ ጦማር ሲያብብ የእኛ ፊደል ገና ቤቱን እያደራጀ ነበር ማለት ነው። ዛሬም በስልክ አንድ ፊደል ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ጊዜ መንካት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው በላቲን ፊደል አማርኛ የሚጽፈውም ከዚህ የተነሣ ነው። ካሜራ ግን የፊደል ገበታ አይጠይቅም። ከዚህም በላይ በእነዚህ ሁለት ከተሞች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ ግቢ ውስጥ ይነገራሉ፤ አማርኛ አሳምረው የሚሰሙ፣ ፊደሉን ግን የማያነቡ እናቶችና ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። ለእነርሱ ጽሑፍ የተዘጋ በር ነው።

በሌላ በኩል፣ የተነገረ ነገር ለመፈለግ ያስቸግራል። የመፈለጊያ ሥርዓቶች በዋናነት የሚሠሩት ከጽሑፍ ጋር ነው፤ የቪዲዮን ይዘት የሚያውቁት ከርዕሱ፣ ከመግለጫውና ከግርጌ ጽሑፉ ነው። «የማይታመን ጉድ በሐረር!» የሚል ርዕስ ያለው፣ መግለጫው ባዶ የሆነ የሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ስለ ቁጢ የተሻለውን ትምህርት ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ቁጢን የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። አማርኛ ላይ ደግሞ የፊደል ምርጫው ይጨመርበታል። «ሐረር» እና «ሀረር»፣ «ጀጎል» እና «ጁጎል»፣ «ድሬዳዋ» እና «ድሬ ዳዋ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን የተለያዩ የፊደል ቅደም ተከተሎች ናቸው፤ ሁልጊዜ አንድ አድርጎ ለመቁጠሩም ዋስትና የለም። ልምድ ያለው አዘጋጅ በርዕሱ አንዱን፣ በመግለጫው ሌላውን የሚጽፈው ለዚህ ነው።

ስሕተትን በማረም በኩል ጽሑፍ ግልጽ ብልጫ አለው። በጦማር ላይ የአንድ ዓመተ ምሕረት ስሕተት ቢገኝ ጸሐፊው ገብቶ ቁጥሩን ይለውጣል፣ ከሥር «ታርሟል» ብሎ ይጽፋል፣ አለቀ። ዩቲዩብ ላይ ግን የተጫነን ቪዲዮ በዚያው አድራሻ በሌላ ቪዲዮ መተካት አይቻልም፤ የተሳሳተውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት ወይም ድምፁን ማጥፋት ይቻላል፤ አዲስ ነገር ማስገባት ከተፈለገ ግን እንደገና መጫንና የተመልካቹን ቁጥርና አስተያየቱን ማጣት ግድ ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ በአንድ አጭር ቪዲዮ ላይ ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበችበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተናግሬ «እ.ኤ.አ.» አልሁት። ትክክለኛው እ.ኤ.አ. 2006 ነው። ማስተካከያውን በመግለጫው ላይ ብጽፍም የሚያነበው ስለሌለ የተሳሳተው ዓመት በድምፄ እየተነገረ ቆየ፤ በመጨረሻ አጥፍቼዋለሁ።

ስለ ምስልና ጽሑፍ ዕድሜ ሐረር የራሷ የሆነ ጥንታዊ ምሳሌ አላት። እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ በነጋዴ ወኪልነት እዚህ የኖረው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ከሊዮን የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ በ1883 የራሱንና የአካባቢውን ምስል አነሣ። ፎቶዎቹ ግን እየነጡ መጡ፤ እርሱም ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ ምክንያቱ ለማጠቢያ የተጠቀመበት ውኃ መጥፎ መሆኑን ገልጿል። ዛሬ በእጃችን ያሉት ምስሎች ጥቂት ናቸው፤ ስለ ኦጋዴን ያዘጋጀው ዘገባ ግን በማግስቱ ዓመት በፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር ታትሞ አሁንም ይነበባል። የዛሬው ውኃ የይለፍ ቃል መርሳት፣ የስልክ መጥፋት፣ የአካውንት መዘጋት ነው፤ ትልቅ ፋይል ሁለተኛ ቅጂ የማግኘት ዕድሉ ደግሞ ከትንሽ ፋይል ያንሳል። ጽሑፍን ማንም ቀድቶ በቴሌግራም ያስቀምጠዋል፤ ሁለት ጊጋባይት ጥሬ ቀረጻ የሚያስቀምጥልን ዘመድ ግን የለም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የሰው ፊት ነው። የሚጽፍ ሰው «አንዲት ስፌት ሻጭ» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ካሜራ ግን «አንዲት» የሚል ቃል የለውም፤ የሚያሳየው እርሷን ነው። ገበያ ላይ ስልኬን ሳወጣ አንዲት እናት በእጃቸው ፊታቸውን ከልለው «ልጄ፣ ስፌቱን ቅረጸው፤ እኔን ተወኝ» ብለውኛል። ይህ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 27 ጀምሮ የአንድ ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ለታዋቂ ሰዎች፣ ለሕዝብ ሥራ፣ ለፍርድና ለፖሊስ ጉዳይ፣ ለትምህርትና ለባህል፣ እንዲሁም በአደባባይ ለሚፈጸሙ ሁነቶች ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። አንድን ገበያ በሰፊው መቅረጽና የአንዲትን ሻጭ ፊት አስጠግቶ ማስታወቂያ በሚታይበት ቪዲዮ ሽፋን ላይ መለጠፍ በዚህ ሕግ ዓይን አንድ አይደሉም። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ጽሑፍን ከቪዲዮ አይለይም፤ በሁለቱም ላይ እኩል የሚሠራ ሲሆን፣ ከ5000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተፈጸመ ጥፋት ቅጣቱ ይከብዳል። ከበስተጀርባ የሚገባው ዘፈን ደግሞ የቪዲዮ ብቻ ጣጣ ነው፤ ዩቲዩብ የተመዘገበን ዘፈን በራሱ ስለሚለይ የማስታወቂያው ገቢ ወደ ዘፈኑ ባለመብት ሊሄድ ይችላል።

ገቢን በተመለከተ አጭር ስሌት ይበቃል። የዩቲዩብን የረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ከሚጠየቁት መስፈርቶች መካከል 1000 ሰብስክራይበርና በ12 ወራት ውስጥ 4000 የዕይታ ሰዓት ይገኙበታል። 4000 ሰዓት 240 ሺህ ደቂቃ ነው፤ አንድ ተመልካች በአማካይ አራት ደቂቃ ቢቆይ 60 ሺህ ዕይታ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ አዘጋጁ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶ ያገኛል። ክፍያው ከሚታየው ማስታወቂያ፣ ማስታወቂያው ደግሞ ተመልካቹ ከሚቆይበት ጊዜ ጋር ስለሚያያዝ አንዳንዱ አዘጋጅ የሦስት ደቂቃ ነገር አሥር ደቂቃ ያደርገዋል። «እንኳን ወደ ቻናላችን በሰላም መጣችሁ ቤተሰቦች፣ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ…» የሚለው ንግግር ሁለት ደቂቃ የሚፈጀው በከንቱ አይደለም፤ ጊዜው በቀራጩ እጅ መሆኑ ገንዘብ ሆኖ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ጽሑፍ በአማርኛ ይህን ያህል እንኳ ሲያስገኝ አላየሁም፤ ለገንዘብ ብቻ የሚጀምር ሰው ቪዲዮን መምረጡ አያስገርምም።

ሁለቱን ማጣመር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው አሠራር እንዲህ ያለ ነው። መጀመሪያ ጉዳዩን በአንድ ገጽ መጻፍ፤ ቀጥሎ ከጽሑፉ ውስጥ «ይህን በቃል ማስረዳት አልቻልሁም» ያሉትን ቦታዎች ብቻ ለይቶ መቅረጽ፤ በመጨረሻ ጽሑፉን አሳጥሮ ከቪዲዮው ሥር በመግለጫነት ማስገባት። ለቁጢው ብናደርገው የሚቀረጸው ማመሱና ማድቀቁ ነው፤ የቅጠሉ መጠን፣ የውኃው ልክ፣ የወተቱና የጨው ነገር በመግለጫው ይጻፋል። ዩቲዩብ በመግለጫው ላይ የደቂቃ ቁጥሮችን ከጻፍንለት ቪዲዮውን በምዕራፍ ይከፍለዋል፤ የሚጠይቀው ዝርዝሩ ከ0:00 እንዲጀምር፣ ቢያንስ ሦስት ምዕራፍ እንዲኖርና እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ እንዳያንስ ብቻ ነው። በዚህ መልክ የተሠራን ቪዲዮ የከፈተች ሴት እጇ እርጥብ ቢሆንም «2:40፦ ቅጠሉ ከምጣድ የሚወርድበት ሰዓት» የሚለውን በአንድ ጣቷ ነክታ የፈለገችው ቦታ ትደርሳለች፤ የእፍኙን ቁጥርም ከዚያው ሥር ታነባለች።